ሻቶ ዲኬም፦ ስለ ሻገተው ወይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ወይን ጠጅ ወሬ በተነሳ ቁጥር መጨረሻው ላይ አንድ ስም አይጠፋም፤ ሻቶ ዲኬም። ስሙ ከተነሳ ደግሞ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። «እውነት ከሻገተ ፍሬ ነው የሚሠሩት?» «ለአንድ ጠርሙስ ይሄን ሁሉ ብር?» ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሻቶ ዲኬም ምንድን ነው?

ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኝ የወይን እርሻ ነው። ከቦርዶ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሶተርን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በአካባቢዋ ካሉት ጉብታዎች ከፍ ባለው ላይ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ዙሪያውን የወይን ሐረግ ነው። የወይን መሬቱ 113 ሄክታር ሲሆን 100 ያህሉ ምርት ይሰጣል።

የሚታወቀው በጣፋጭ ነጭ ወይኑ ነው። ቦርዶ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀይ ወይን ስለሆነ ይሄ መጀመሪያ ላይ ግር ያሰኛል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። «ሻቶ» ግንብ ማለት ነው፤ ግን ቦርዶ ውስጥ መኖሪያ ቤትና መጋዘን ብቻ ያለው እርሻም ሻቶ ተብሎ ይጠራል። ዲኬም ግን የምር ግንብ አለው። አነባበቡ «ዲ-ኬም» ነው። ጽሑፉን አይተው «ይኩዌም» ቢሉ አይፈረድብዎትም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው።

የማን ነው?

አሁን የቅንጦት ዕቃ ነጋዴው የኤልቪኤምኤች ኩባንያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለ400 ዓመታት ያህል በአንድ ዘር እጅ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ1593 ነው። ዣክ ሶቫዥ የተባለ የአካባቢው ሰው ርስቱን ከፈረንሳይ ዘውድ በይዞታ አገኘ። በ1711 ቤተሰቡ ሙሉ ባለቤት ሆነ። በ1785 ደግሞ የቤቱ ልጅ ፍራንስዋዝ ጆሴፊን፣ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ የክርስትና ልጅ የነበረውን ኮንት ሉር ሳሉስን አገቡ («ኮንት» የመሳፍንት ማዕረግ ነው)። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ባልየው ከፈረስ ወድቆ ሞተ።

እኔን ከዚህ ቤት ታሪክ ሁሉ የሚገርሙኝ እኚህ ሴት ናቸው። በ20 ዓመታቸው መበለት ሆኑ። ወዲያው የፈረንሳይ አብዮት መጣ። የመሳፍንት ዘር ናቸውና ሁለት ጊዜ ታሰሩ። ርስታቸውን ግን አላስነኩም። ከእስር ወጥተው እርሻውን ራሳቸው መሩ። በ1826 ወይኑ የሚጠመቅበትንና የሚቀመጥበትን ቤት አሠሩ፤ ያኔ ለአካባቢው እንግዳ ነገር ነበር። በ1851 ሲያርፉ የዲኬም ስም ከፈረንሳይ ውጭም ይታወቅ ነበር። ዛሬ ወይን አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ስለ ጠርሙሱ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ እሳቸው ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማም።

ከዚያ በኋላ ርስቱ በሉር ሳሉስ ቤተሰብ እጅ ቆየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግንቡ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። ከ1968 ጀምሮ ኮንት አሌክሳንድር ደ ሉር ሳሉስ ያስተዳድሩት ነበር። በ1996 የተወሰኑ የቤተሰቡ አባላት ድርሻቸውን ለኤልቪኤምኤች ሸጡ። ኮንቱ እምቢ አሉ። ነገሩ ክርክር ውስጥ ገብቶ በ1999 በስምምነት አለቀ። እሳቸውም እስከ 2004 በሥራ አስኪያጅነት ቆዩና ቦታውን ለፒየር ሉርተን አስረከቡ። የርስት ጠብ ወንድማማች የሚያለያየው እኛ አገር ብቻ አይደለም።

እውነት ከሻገተ ወይን ነው የሚሠራው?

አዎ፣ ሆን ተብሎ።

ሻጋታው በሳይንስ ስሙ ቦትራይቲስ ሲኔሪያ ይባላል። ፈረንሳዮች ግን «የተከበረው ብስባሽ» ይሉታል። የበሰለው ፍሬ ላይ ያርፍና ልጣጩን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳዋል። በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል የፍሬው ውሃ ይተናል። የሚቀረው የወፈረ፣ ስኳሩም ኮምጣጣነቱም የተጠራቀመ ጭማቂ ነው። ፍሬው ተጨማዶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነገር የለውም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለቅዳሴ የሚዘጋጀው ከዘቢብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ነገር ወዲያው ይረዳዋል። ዘቢብም ውሃው የወጣለት ወይን ነው። ልዩነቱ ዘቢብን የሚያደርቀው አየርና ፀሐይ ብቻ መሆኑ ነው። ሻጋታው ግን ውሃ ከማስወጣት አልፎ የፍሬውን ጣዕም ይለውጠዋል። ማር፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴም ሳፍሮን የተባለውን ቅመም የሚያስታውስ ጠረን ይመጣል። ትኩሱ ፍሬ ላይ እነዚህ የሉም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ይሄው ሻጋታ ራሱ እርጥበቱ ከበዛ ጠላት ነው። ዝናብ ካልተቋረጠ ፍሬው ፈንድቶ ይኮመጥጣል፣ ዘለላው በሙሉ ይበላሻል። ያኔ «ግራጫው ብስባሽ» ነው የሚባለው። ፍጡሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ጠባይ ነው።

ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ እንደዚህ አይሆንም?

ሌላ ቦታም ይሆናል። የሃንጋሪው ቶካይ ወይን ከዚሁ ሻጋታ የሚሠራ የቆየ ወይን ነው፤ ጀርመንም አለ። ግን በየዓመቱ ሊባል በሚችል ደረጃ እንዲመጣ ልዩ መልክዓ ምድር ያስፈልጋል።

ሶተርን አጠገብ ሲሮን የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። በደን ጥላ ሥር ስለሚፈስ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ይሄ ወንዝ ሞቅ ካለው ከትልቁ የጋሮን ወንዝ ጋር ይገናኛል። በመስከረምና በጥቅምት ቀዝቃዛውና ሞቃቱ ሲጋጩ ማለዳ ላይ ጭጋግ ይነሳል። ጭጋጉ ሻጋታውን ይቀሰቅሰዋል። ወደ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ጭጋጉን ትገፈውና ነፋሱ ፍሬውን ያደርቀዋል። ማለዳ እርጥብ፣ ከሰዓት ደረቅ። ከሁለት አንዱ ከጎደለ ሥራው ይበላሻል።

የዲኬም ጉብታ ከጎረቤቶቹ ከፍ ስለሚል ነፋስ ያገኘዋል። አፈሩ ላይ ላዩን ጠጠር ነው፤ ከሥር ግን ውሃ የሚይዝ ሸክላ አለ። ሐረጉ በውሃ እንዳይታፈን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመሬቱ ሥር የሸክላ ቱቦ ተቀበረ። የቱቦው ርዝመት ሲደመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጎብኚ ግንቡን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል እንጂ ይሄን ማንም አያየውም።

ለቀማው ምን ይመስላል?

ቡና ለቀማ ያየ ሰው አይቸገርም። ደህና ቡና ለቃሚ ቀይ ቀዩን ብቻ ይለቅማል፤ አረንጓዴውን ትቶ ሲቀላ ተመልሶ ይመጣል። ዲኬም ላይም እንደዚያው ነው፣ የሚለቀመው የበሰበሰው መሆኑ ነው እንጂ ልዩነቱ።

ሻጋታው ዘለላውን እኩል አይዘውም። አንዱ ፍሬ ተጨማዶ ሲደርስ ጎኑ ያለው ገና ወርቃማና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ከ100 በላይ ለቃሚዎች መቀስ ይዘው በሐረጉ መሃል ያልፋሉ። የደረሰውን ፍሬ፣ አንዳንዴ አንድ በአንድ፣ ቆርጠው ሌላውን ይተዋሉ። ከቀናት በኋላ እዚያው ሐረግ ላይ ይመለሳሉ። እንዲህ እስከ ስድስት ዙር ሊሄድ ይችላል። ለቀማው ከመስከረም ጀምሮ አንዳንዴ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። መሃል ላይ ዝናብ ከመጣ ለቃሚው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ደሞዙም አይቋረጥም። ጎረቤት እርሻዎች ይሄን ያህል ወጪ ስለማይችሉ ዙሩን ማሳጠር ይገደዳሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የዲኬም ትልቁ ሚስጥር እዚህ ላይ ነው፤ ለመጠበቅ የሚሆን ገንዘብ አለው።

ይሄን ብልሃት ያገኙት በአጋጣሚ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በ1847 የቤቱ ጌታ ሩሲያ ሄዶ ነበር፤ «እስክመለስ እንዳትለቅሙ» ብሎ አዝዞ ነበር፤ ዘግይቶ ሲደርስ ፍሬው ሻግቶ አገኘው፤ ይሁን ብሎ ቢጨምቀው ተአምር ሆነ። ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን አያስኬድም። በ1666 የተጻፈ ውል በአካባቢው ከጥቅምት አጋማሽ በፊት መልቀም እንዳልተለመደ ይገልጻል። ያንን ያህል የሚያዘገይ ገበሬ ሻጋታውን ሳያውቅ አይቀርም። ለገዢ «ከበሰበሰ ፍሬ ነው የምሠራው» ብሎ ማወጅ ግን ለገበያ አይመችም። ዝም ማለታቸው አይገርመኝም።

ስኳር ይጨምሩበታል?

አይጨምሩበትም። ጣፋጭነቱ ሁሉ ከፍሬው ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ለለቀማ የሚፈለገው ፍሬ፣ ስኳሩ በሙሉ ወደ አልኮል ቢለወጥ 20 በመቶ ገደማ አልኮል የሚሰጥ መሆን አለበት። እርሾው ግን እዚያ አይደርስም። አልኮሉ 13 ወይም 14 በመቶ ሲሆን ይደክመውና ሥራ ያቆማል። ያልተነካው ስኳር ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ120 እስከ 150 ግራም። ይሄ ከለስላሳ መጠጥ ይበልጣል። አፍ ላይ ግን እንደ ሽሮፕ አይከብድም፤ ኮምጣጣነቱ አብሮ ስለተጠራቀመ ያመጣጥነዋል።

የወይን ዝርያዎቹ ሁለት ናቸው። ከአራት እጅ ሦስቱ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሴሚዮን ነው፤ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ሻጋታው ይወደዋል። የቀረው ሶቪኞን ብላን ነው። እሱ ደግሞ ንቃትና ጠረን ይጨምራል።

ከተጨመቀ በኋላስ?

ፍሬው በተከታታይ ይጨመቃል። ብዙ ወይን ቤት የመጀመሪያውን ጭማቂ ያከብራል፣ የመጨረሻውን ይንቃል። እዚህ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያለ በመጨረሻ የሚወጣው ጭማቂ ከሁሉ ይጣፍጣል። ከዚያ ወደ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ይገባል፣ እዚያው ይፈላል፣ እዚያው ሁለት ሦስት ዓመት ይቀመጣል። በርሜሉ ሲተነፍስ የሚተነው እየተሞላ፣ አተላው እየተለየ ይቆያል። የእያንዳንዱ ቀን ለቀማ ለብቻው ስለሚያዝ ያልጣመው በርሜል ከድብልቁ ይወጣል። ያ በርሜል በዲኬም ስም አይሸጥም።

በየዓመቱ ይመረታል?

አይመረትም! እኔን ያሳመነኝም ይሄ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘጠኝ ዓመታት ዲኬም የሚል ጠርሙስ አልወጣባቸውም፦ 1910፣ 1915፣ 1930፣ 1951፣ 1952፣ 1964፣ 1972፣ 1974 እና 1992። ከዚያ ደግሞ 2012 ተጨመረ። ያን ዓመት አየሩ አልተባበረም። ለቃሚዎቹ ገብተው ለቅመዋል፣ ተጨምቋል፣ በርሜልም ገብቷል። ከቀመሱት በኋላ ነው «ይሄ ዲኬም አይደለም» ያሉት። እንዲህ ያለው ወይን ስም ሳይለጠፍበት በጅምላ ለነጋዴ ይሸጣል። የዓመት ሙሉ ገቢ ማለት ነው። ለአንድ መለጠፊያ ወረቀት ክብር ሲሉ ይሄን የሚያደርጉ ብዙ የሉም።

ዋጋው ለምን እንደዚያ ሆነ?

ከአንድ የወይን ሐረግ የሚወጣው አንድ ብርጭቆ ነው። አንድ ጠርሙስ እንኳ አይደለም። በሄክታር ሲሰላ ከ800 እስከ 900 ሊትር ይሆናል። ደህና የቦርዶ ቀይ ወይን እርሻ በሄክታር 4 ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ ያገኛል። እዚያ ላይ የለቃሚውን ዙር፣ የአዲሱን በርሜል፣ የሚጣለውን ምርት ደምሩበት። በጥሩ ዓመት እንኳ የሚወጣው ጠርሙስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ይሄ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ሙሉ ጠርሙስ በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ ከዚያ ውስጥ የስሙ ዋጋ አለበት። የቅንጦት ዕቃ ገበያ ነው፤ ውድ ቦርሳ ላይ ያለው የስም ዋጋ እዚህም አለ። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ለሚያሳስበው ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ግማሽ ጠርሙስ ገዝቶ ለስድስት መካፈል ነው። እኔም የቀመስኩት እንደዚያ ነው፤ የደረሰኝ ሁለት ጉንጭ ነበር፣ ጣዕሙ ግን ቤት እስክገባ አፌ ላይ ቆየ። ሁለተኛው ጎረቤቶቹን መሞከር ነው፤ ሱዲሮ፣ ሪዬሴክ፣ ጊሮ፣ ኩቴ። ከሁሉ ደግሞ ሻቶ ደ ፋርግ። ይሄኛው የራሱ የሉር ሳሉስ ቤተሰብ እርሻ ነው። አሠራሩ ተመሳሳይ፣ ዋጋው በጣም የቀለለ።

የ1855ቱ ደረጃ የሚሉት ምንድን ነው?

በዚያ ዓመት ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር። ናፖሊዮን 3ኛ የቦርዶ ወይኖች በደረጃ ተለይተው እንዲቀርቡ ፈለጉ። ደላሎቹ በጊዜው ገበያ የሚያወጡትን ዋጋ መሠረት አድርገው ደረጃ አወጡ። ከጣፋጮቹ ነጮች መካከል ዲኬም ከአንደኛ ደረጃም በላይ ለብቻው ተቀመጠ፦ «የላቀ አንደኛ»። ያንን ማዕረግ ያገኘ ሌላ የለም። ከአራት ዓመት በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ወንድም ታላቁ መስፍን ኮንስታንቲን ለ1847ቱ ምርት 900 ሊትር 20 ሺህ የወርቅ ፍራንክ ከፈሉ ይባላል። ዝናው በዚህ የበለጠ ናኘ።

ቶማስ ጄፈርሰን ይወዱት ነበር የሚባለውስ?

ይሄ እውነት ነው። ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ ነበሩ፤ በ1787 ቦርዶን ጎብኝተዋል። የ1784ቱን ምርት 250 ጠርሙስ አዘዙ። በኋላም ለጆርጅ ዋሽንግተን 30 ደርዘን አስመጡ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ነው። በ1980ዎቹ የጄፈርሰን ስም መጀመሪያ ፊደላት የተቀረጸባቸው አሮጌ ጠርሙሶች ብቅ ብለው በከፍተኛ ዋጋ ተሸጡ። ከነሱ መሃል ዲኬምም ነበረበት። በኋላ አንድ ገዢ ባስጠናው ምርመራ ባለሙያዎች ቅርጹ የተሠራው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው አሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኤሌክትሪክ መቅረጫ አልነበረም።

ስንት ዓመት ይቆያል?

በደህና ዓመት የተመረተ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ተጋድሞ የተቀመጠ ዲኬም 100 ዓመት ይሻገራል። ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ይጠብቁታል። ቀለሙ ከገለባ ወደ ወርቅ፣ ከወርቅ ወደ ማር፣ በመጨረሻም ወደ ሻይ ይሄዳል። ጠቆረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም።

በ2011 የ1811 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙስ ለንደን ላይ በ75 ሺህ ፓውንድ ተሽጧል። ያኔ በዓለም ውዱ ነጭ ወይን ተብሎ ተመዘገበ። 1811 ትልቁ ጅራታም ኮከብ የታየበት ዓመት ስለሆነ የዚያ ዓመት ወይን ሁሉ «የኮከቡ ወይን» እየተባለ ይወደሳል።

እኛ ጠጅ እንዳለን እያወቅን ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?

ማር ማር ስለሚል ብዙ ሰው ይሄን ይለኛል። ዲኬም ውስጥ ግን ማር የለም፣ ጌሾም የለም። መራራው ጎን የለውም፤ በምትኩ እንደ ሎሚ የሚነቃቃ ኮምጣጣ አለው። ደግሞ ጠጅ ትኩስነቱ ነው የሚወደደው። ሁለቱን ማወዳደር ለሁለቱም ፍትሐዊ አይደለም።

ከምን ጋር ይጠጣል?

ፈረንሳዮች ከዳክዬ ወይም ከዝይ ጉበት ጋር፣ ወይም ሰማያዊ ሻጋታ ካለበት ሮክፎር ከሚባለው ጨዋማ አይብ ጋር ያቀርቡታል። ጨውና ጣፋጭ ሲገናኙ ነው ነገሩ። ከኬክ ጋር አልመክርም፤ ኬኩ ከወይኑ ከበለጠ ወይኑ ኮምጣጤ ይመስላል። ቸኮሌትማ ጨርሶ ያጠፋዋል። ቅመምና ቃሪያ ካለበት የእስያ ምግብ ጋር ግን ይስማማል። ዶሮ ወጥን በጠጅ ለሚያወራርድ ሰው ይሄ አይደንቅም።

ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቅረብ። በረዶ አይግባበት። አሮጌ ከሆነ ሞቅ ወዳለው ጠጋ ቢል ይሻላል።

«ኢግሬክ» የሚል ጠርሙስ አየሁ፤ ይሄም ዲኬም ነው?

የዚያው እርሻ ነው፣ ግን ደረቅ ነጭ ወይን ነው። ከ1959 ጀምሮ ይሠራል። ሶተርን የሚለው ስም ለጣፋጭ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ መለጠፊያው ላይ ተራ «ቦርዶ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ጣፋጩን ብለው እንዳይገዙት።

ከተከፈተ በኋላ ይበላሻል?

ቶሎ አይበላሽም። ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት። አንድ ሳምንት በምቾት ይቆያል፣ ሁለትም ይደርሳል። አንዳንዱ እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ይበልጥ ይጣፍጣል። ጭራሽ እስከዚያ ከቆየልዎት ማለቴ ነው።